ያገለገለ ኮርስ ብስክሌት ከነዕቃዎቹ እንዴት ይሸጣል?

ማውንቴን ብስክሌት መሸጥ ቀላል ነው። ለልጅም፣ ለሥራ መመላለሻም፣ ለኮረኮንች መንገድም ስለሚሆን ፈላጊው ብዙ ነው። ኮርስ ግን እንደዚያ አይደለም። ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ፍሬሙም ለተወሰነ ቁመት የተሠራ ነው። ገዢው ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ገዢ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዕቃ ያውቃል፤ ካላወቀም የሚያውቅ ጓደኛ ይዞ ይመጣል።

ያገለገለ ኮርስ ዋጋው የሚወርደው በማርጀቱ ብቻ አይደለም። ገዢው ያላወቀው ነገር ሲኖር ይበልጥ ይወርዳል። ካቴናው ምን ያህል አልቋል? ወድቆ ያውቃል? ለእኔ ቁመት ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ ገዢው የከፋውን ገምቶ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። በዚህ ሊወቀስ አይችልም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ያንን ግምት ለማስቀረት ነው።

መጀመሪያ እጠቡት፤ ላቫጆ ግን አትውሰዱት

የላቫጆ ውኃ በኃይል ስለሚረጭ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፣ ግራሶውንም ያጥባል። ቤት ውስጥ ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። ካቴናውንና የማርሽ ጥርሶቹን ለብቻቸው በትንሽ ነጭ ጋዝ እየነከራችሁ ቦርሹ። ነጭ ጋዙ ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዲስክ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ዘይት የነካው ሸራ ፍሬን አይዝም። ከደረቀ በኋላ ካቴናውን ቀለል ያለ ዘይት ቀቡና ከላዩ ያለውን በጨርቅ በደንብ ጥረጉት። ዘይት የሚንጠባጠብ ካቴና አቧራ ይስባል፤ በፎቶም ያስጠላል።

ከማጠቡ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ውበት አይደለም። ጭቃው ሲለቅ ስንጥቅ ካለ ይታያል። ከገዢው በፊት እናንተ ብታዩት ይሻላል።

እንደ ገዢ ሆናችሁ መርምሩት

ብርሃን ያለበት ቦታ ወስዳችሁ ከፍሬሙ ጀምሩ። ቱቦዎቹ የሚገናኙበትን ቦታ ሁሉ በጣት እየዳበሳችሁ ተመልከቱ። በተለይ መሪው የሚገባበትን አጭር ቱቦ ከጀርባው፣ የመቀመጫው ዘንግ የሚጠብቅበትን፣ ክራንኩ (ፔዳሎቹ የሚታሰሩበት ክንድ) የሚያርፍበትን የታችኛውን ክፍል። ከመሪው ጀርባ ባለው የታችኛው ቱቦ ላይ ቀለሙ ተሸብሽቦ ወይም ቱቦው አብጦ ካገኛችሁት፣ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል ማለት ነው።

ፍሬሙ ከምን እንደተሠራ ካላወቃችሁ ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ነው። ይህ ልዩነት ለዋጋም ለደኅንነትም ወሳኝ ነው። የብረት ፍሬም ሲሰነጠቅ ጥሩ በያጅ ያድነዋል። አሉሚኒየም ሲበየድ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ ስለሚያጣ መልሶ አይታመንም። ካርቦን ደግሞ ከላይ ጭረት ብቻ እየታየ ከውስጥ ሊላቀቅ ይችላል። በሳንቲም ቀስ አድርጋችሁ ስታንኳኩት ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተጎዳው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የተሰነጠቀ የካርቦን ፍሬም ወይም ሹካ (የፊት ቸርኬውን የሚይዘው ክፍል) ለሚነዳበት ሰው አትሽጡ። በምንም ዋጋ። ቁልቁለት ላይ ሹካ ሲሰበር ሰው ይሞታል።

ቀጥሎ ካቴናው። ልዩ መለኪያ ከሌላችሁ ተራ ማስመሪያ ይበቃል። በካቴናው ላይ በአንዱ ፒንና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት በአዲስነቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። 24 እንዲህ ያለ ርቀት ስትቆጥሩ 304.8 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። ከ306 ካለፈ ባለ 11 ወይም ባለ 12 ማርሽ ብስክሌት ላይ (ቁጥሩ ከኋላ የተደረደሩት ባለ ጥርስ ቀለበቶች ብዛት ነው) የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። ባለ 8፣ 9 እና 10 ከሆነ እስከ 307 ይታገሣል። ከዚያ በላይ ከሄደ የኋላ ጥርሶቹንም ይዞ በልቷል ማለት ነው። ልኩን ጻፉት፤ ማስታወቂያው ላይ ይገባል። «ካቴናው ጥሩ ነው» ከማለት «ስለካው 305.5 መጣ» ማለት ገዢን ያሳምናል።

ቸርኬዎቹን አንሥታችሁ አሽከርክሩ። ወደ ጎን ይወዛወዛሉ? የሪም ፍሬን ከሆነ ሸራው የሚነካውን የቸርኬ ጎን በጥፍር ዳብሱ። ብዙ ቸርኬዎች ላይ የእርጅና ምልክት የሚሆን ትንሽ ጉድጓድ ወይም መስመር አለ። ምልክቱ ከጠፋ ወይም ጎኑ ከጎደጎደ ቸርኬው አብቅቷል። ከዚያ የፊት ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። መሪው ሥር «ቋ» የሚል ነገር ከተሰማ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል፤ ብዙውን ጊዜ በማጥበቅ ይስተካከላል። ክራንኩንም ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ።

ክራንክ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ላይ መቆም አለብኝ። የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 አልቴግራና ዱራ-ኤስ የተባሉትን ውድ ባለ 11 ማርሽ ክራንኮቹን ለምርመራ ጠርቷል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2012 እስከ ሰኔ 2019 የተመረቱት ናቸው። ክንዳቸው ሁለት ክፍል ሆኖ በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ ሊላቀቅና ሊሰበር ይችላል። በሰሜን አሜሪካ ብቻ 760 ሺህ ያህል ክራንኮችን ይመለከታል። የሞዴል ቁጥራቸው 6800፣ አር8000፣ 9000፣ አር9100 እና አር9100ፒ ነው። ቁጥሩም ሁለት ፊደል ያለው የምርት ኮዱም ክራንኩ ጀርባ፣ ፔዳሉ በሚታሰርበት አካባቢ ተጽፏል። ኮዱ ከኬኤፍ (KF) እስከ አርኤፍ (RF) ካለ ይመለከታችኋል። ሌሎቹ የሺማኖ ዓይነቶች፣ 105፣ ቲያግራ፣ ሶራና ክላሪስ፣ በዚህ ጥሪ ውስጥ የሉበትም።

ይህን የማነሣው ከውጭ በሻንጣ የገቡ ብዙ ኮርሶች በእነዚያ ዓመታት የተሠሩ ስለሆኑ ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ ለጥገና የተጠራ ዕቃ ሳያስመረምሩ መሸጥ እዚያ በሕግ የተከለከለ ነው። መጀመሪያ የሺማኖ ወኪል ሱቅ ወስዳችሁ አስመርምሩት፤ ችግር ከተገኘበት በነጻ ይቀየራል። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ክራንኩን አጽዱና በብርሃን መርምሩ። መጋጠሚያው መስመር ላይ ክፍተት ወይም ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ስትረግጡት የሚንቋቋ ከሆነ፣ በዚያ ክራንክ ብስክሌቱን አትሽጡት።

ሙሉውን ወይስ እየፈታችሁ?

ብዙ ሰው «እየፈታሁ ብሸጠው የበለጠ አገኛለሁ» ይላል። በስሌት እውነት ነው። የዕቃዎቹ ድምር ከሙሉው ዋጋ ይበልጣል። ግን ቸርኬውና ማርሹ በሳምንት ውስጥ ይሄዱና ፍሬሙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። የቀረውን መሪ፣ የፍሬን ሽቦና የመቀመጫ ዘንግ የሚጠይቅም የለም።

ስለዚህ የኔ ምክር ይህ ነው። ለፍሬሙ ገዢ ሳታገኙ አንድ ብሎን አትፍቱ። ፍሬሙ ለመሸጥ ከሁሉም የሚከብደው ነው። እሱ ከተሸጠ ሌላው ገዢ አያጣም።

መፍታት የሚያዋጣባቸው ሁኔታዎች አሉ። ፍሬሙ ከተሰነጠቀ ምርጫ የለም። ፍሬሙ በጣም ትልቅ ወይም በጣም ትንሽ ከሆነ ገዢው ስለሚጠፋ ዕቃውን ለብቻ መሸጥ ይሻላል። ርካሽ ፍሬም ላይ ውድ ቸርኬ ካሰራችሁም ቸርኬውን አውጡትና ተራውን መልሱ፤ የብስክሌቱ ገዢ ለዚያ ቸርኬ ተገቢውን አይከፍልም። ሁሉም ዕቃው ተመጣጣኝ የሆነ መካከለኛ ኮርስ ግን እንዳለ ይሸጥ። አገራችን ውስጥ የኮርስ መለዋወጫ በየሱቁ ስለማይገኝ፣ ተሟልቶ የሚነዳ ብስክሌት ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ፔዳል የተለየ ነው። ልዩ ጫማ የሚጠይቅ ፔዳል ከሆነ ፈትታችሁ ለብቻ ሽጡት ወይም ለራሳችሁ አስቀሩት፤ ገዢው የራሱ ጫማ አለው። ሲፈታ የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሱ። ቁልፉን ከፔዳሉ በላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ወደ ኋላ ቸርኬ አቅጣጫ ጎትቱት። በሁለቱም ጎን በዚህ መንገድ ይፈታል።

ዕቃ ለብቻ ስትሸጡ ልኩን ካልጻፋችሁ ቀኑን ሙሉ ስልክ ስታነሡ ትውላላችሁ። የመቀመጫ ዘንግ ውፍረቱ ከታች ተቀርጾበታል፤ 27.2 የተለመደ ነው፣ ግን ጥቂት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢለይ እንኳ በልኩ አይገጥምም። የመሪው መያዣ 31.8 ነው ወይስ የድሮው 26? የክራንኩ ርዝመት 170፣ 172.5 ወይስ 175? ቸርኬው በቀላሉ በእጅ የሚፈታ ነው ወይስ ወፍራም ዘንግ ያለው? የሪም ነው ወይስ የዲስክ? የኋላ ቸርኬ ከሆነ የሚሸከመው የሺማኖን ጥርስ ነው ወይስ የሌላውን አምራች የካምፓኞሎን? እነዚህ ሁለቱ አይለዋወጡም።

ማርሽ ላይ ደግሞ የጥርሱ ቁጥር ብቻ አያግባባም። ቲያግራ 4700 ባለ 10 ነው፤ ሽቦ የሚስብበት ልክ ግን ከቀድሞዎቹ የሺማኖ ባለ 10 ኮርስ ማርሾች ይለያል። የማርሽ እጀታውን ከአንዱ፣ የኋላ ማርሽ መቀየሪያውን ከሌላው ያደረገ ሰው ማርሹ በትክክል አይገባለትም። ስለዚህ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሡ። የቆየ የጣሊያን ብረት ኮርስ ካላችሁም የክራንኩ ኩሽኔታ ጥርስ የጣሊያን ልክ ሊሆን ስለሚችል ከመፍታታችሁ በፊት የሚያውቅ መካኒክ ይየው። በጣሊያን ልክ ሁለቱም ጎን የሚፈታው እንደ ተራ ብሎን ነው። በእንግሊዙ ልክ ግን የቀኙ የተገላቢጦሽ ነው። በተሳሳተ አቅጣጫ ጎትቶ ጥርሱን የፈጀ ፍሬሙን አጥቷል።

ዋጋ

በገዛችሁበት ዋጋ አትነሡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ከዚያ በፊት የተገዛ ኮርስ በብር ሲታይ ከገዛችሁበት በላይ ሊያወጣ ይችላል። ዛሬ ተመሳሳዩን ለማስመጣት ስንት ይፈጃል? ከዚያ ተነሡ። ያለቀውን ነገር ሁሉ ቀንሱ። ካቴና፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የመሪ መጠቅለያ። ገዢው እነዚህን መግዛቱ ስለማይቀር እናንተው ቀንሳችሁ ብታቀርቡ ክርክሩ ያጥራል።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የምታዩት ዋጋ የተጠየቀ ነው እንጂ የተሸጠበት አይደለም። ወር ሙሉ ሳይነሣ የቆየ ማስታወቂያ ካለ ዋጋው ተወዷል ማለት ነው። የብስክሌት ጥገና ያለው መካኒክ የተሻለ ያውቃል፤ ሲሸጥም ሲገዛም ያየው እሱ ነው። ጠይቁት፣ ለድካሙም አመስግኑት። ገዢ ቢያመጣላችሁ የሚያገኘውን ኮሚሽን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

«የመጨረሻ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ በስልክ ይመጣል፤ ብስክሌቱን ሳያይ። «መጥተህ እየው፣ ከወደድከው እንነጋገራለን» በሉ። ያላየ ሰው የሚሰማው ዋጋ የድርድሩ መነሻ ነው የሚሆነው።

ፎቶና ማስታወቂያ

ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ከአንድ ወጥ ቀለም ካለው ግድግዳ ፊት አቁሙት። ዋናው ፎቶ ማርሹ ካለበት ከቀኝ ጎን፣ በብስክሌቱ ቁመት ዝቅ ብላችሁ ይነሣ። ካቴናው ከፊት ትልቁ ጥርስ ላይ ይሁን። ከዚያ የኋላ ጥርሶችን፣ ክራንኩን፣ የፍሬን እጀታዎቹን፣ የጎማውን ገጽና እያንዳንዱን ጭረት ቀረብ ብላችሁ አንሡ። ጭረቱ አጠገብ ሳንቲም አስቀምጡ፤ መጠኑ ይታወቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከክራንኩ ሥር የሚገኘውን የፍሬም ቁጥር አንሡና ለራሳችሁ አስቀምጡ እንጂ ለሕዝብ አትልቀቁት።

የፍሬሙን ልክ ለማወቅ ከክራንኩ መሃል እስከ መቀመጫው ቱቦ ጫፍ በሜትር ለኩ። 54 ከሆነ በግምት ከ1.70 እስከ 1.77 ሜትር ቁመት ላለው ሰው ይሆናል። ፋብሪካዎች ስለሚለያዩ መሞከሩ ግን አይቀርም።

ጽሑፉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«የሚሸጥ ኮርስ ብስክሌት። ፍሬሙ አሉሚኒየም፣ ሹካው ካርቦን። ልኩ 54፤ ቁመቱ 1.70–1.77 ለሆነ ሰው። ማርሽ ሺማኖ 105፣ ባለ 11፤ የፊት 50/34፣ የኋላ 11–28። የሪም ፍሬን። ጎማ 700 በ25፤ የኋላው አዲስ፣ የፊቱ ግማሽ ያለቀ። ካቴናው ሲለካ 305.5። ጉድለቱ፦ የላይኛው ቱቦ ላይ ጭረት አለ፣ የቀኝ እጀታ ላስቲክ ተቀዷል፣ የኋላ ቸርኬ በትንሹ ይወዛወዛል። ፔዳል የለውም። ሲኤምሲ አካባቢ መጥቶ ማየት ይቻላል።» ከዚያ ዋጋውን ጻፉ። «በውስጥ መስመር» እያሉ ዋጋ መደበቅ ቁም ነገረኛ ገዢን ያርቃል።

ገዢው የት ነው?

ኮርስ የሚፈልገው ሰው የሚገኘው የብስክሌት ባህል ባለበት ነው። መቀሌ ከሁሉም ትቀድማለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ገብረማርያም የዚያ አካባቢ ልጅ ነው፤ ዛሬም ታዳጊዎች ያገለገለ ኮርስ እየፈለጉ ነው። ሀዋሳና ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆኑ ለቀጭን ጎማ ይመቻሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መንገዶች አዲስ ፈላጊ አምጥተዋል። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት በቡድን የሚወጡ ብስክሌተኞች አሉ፤ አንዱን አግኝታችሁ በግሩፓቸው እንዲለጥፍላችሁ ጠይቁ። አሠልጣኞችን መጠየቅም ጥሩ ነው። ለታዳጊ የሚሆን ትንሽ ፍሬም ካላችሁ መጀመሪያ ወደ አሠልጣኝ ደውሉ።

ማሳየት፣ ማስሞከር፣ መቀበል

በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ ተገናኙ። ማደያ ወይም ባንክ ደጅ ይመቻል። ገዢው መሞከሩ መብቱ ነው፤ ከመሳፈሩ በፊት ግን መታወቂያና ገንዘቡን፣ ወይም አብሮት የመጣውን ሰው፣ እናንተ ዘንድ ያስቀር። መቀመጫውን በቁመቱ አስተካክሉለት። ጎማውንም አስቀድማችሁ ንፉ፤ በላላ ጎማ የተሞከረ ኮርስ ከባድ ይመስላል።

ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ፣ የሚያሳዩዋችሁን ስክሪንሾት አትመኑ። ስልካችሁ ላይ የገባውን መልእክትም ብቻ አትመኑ፤ የባንክ መስሎ የሚላክ የሐሰት መልእክት አለ። የራሳችሁን መተግበሪያ ከፍታችሁ ቀሪ ሒሳቡ ላይ ብሩን እዩ። እስኪገባ ድረስ እጃችሁ ከመሪው አይለቅ። «ኔትወርክ የለም፣ ማታ ይገባል» ከተባለ ማታ ይመለስ።

አንድ ገጽ የሽያጭ ውል ጻፉ። የሁለታችሁን ስምና መታወቂያ ቁጥር፣ የፍሬሙን ቁጥር፣ ዋጋውን፣ ቀኑን፣ የነገራችሁትን ጉድለት። ሁለት ምስክር ይፈርም። ብስክሌቱ ነገ ቢሰረቅ ወይም አንድ ሰው «የኔ ነው» ቢል ሁለታችሁንም ይጠብቃል። የገዛችሁበት ደረሰኝ ካለ ቅጂውን ስጡት።

ወደ ሌላ ከተማ ስትልኩ

ፔዳሎቹን ፍቱ። የፊት ቸርኬውን አውጡ፤ ሹካው እንዳይጎብጥ በጫፎቹ መካከል በልኩ የተቆረጠ እንጨት ጣልቃ አስገቡ። የዲስክ ፍሬን ከሆነ በሸራዎቹ መካከል ወፍራም ካርቶን አስገቡ፤ ቸርኬው በሌለበት እጀታው ከተጨበጠ ሸራዎቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። የኋላ ማርሽ መቀየሪያውን ከማሰሪያው ፈትታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ከፍሬሙ ውስጠኛ ጎን እሰሩት፤ በጉዞ ላይ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ቱቦዎቹን በካርቶንና በስፖንጅ ሸፍኑ። ብሎኖቹን በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ከፍሬሙ ጋር እሰሩ።

በአውቶቡስ ከሆነ ፖርቶመጋላ ላይ ከሌላ ዕቃ ሥር እንዳይገባ ለረዳቱ ንገሩ፤ የካርቦን ፍሬም ከሆነ ግን በአውሮፕላን ካርጎ መላክ ይሻላል። ከማሸጋችሁ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሡና ለገዢው ላኩለት። ሙሉ ክፍያው ሳይገባ ግን አትላኩ። ካልተማመናችሁ እዚያው ከተማ ያለ ዘመድ ዕቃውን ተቀብሎ፣ ገዢው አይቶ ከከፈለ በኋላ ቢያስረክብ ጥሩ ነው።

ብስክሌቱ ሲደርስ ደውላችሁ መገጣጠሙን አግዙት። የትኛው ብሎን እንዴት እንደሚጠብቅና የምትነፉበትን የጎማ ግፊት ንገሩት። ከዚያ ማስታወቂያውን ከየግሩፑ አጥፉ፤ ካልሆነ ስልኩ ለወራት አያርፍም።